ከሰመመን በፊት የትንፋሽ መንገድን መመርመር፤ አስቸጋሪውን ቀድሞ ለማወቅ

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈራው ምላጩን ነው። በሙሉ ሰመመን በሚሠራ ቀዶ ሕክምና ግን ከምላጩ የሚቀድም፣ ታካሚው ተኝቶ የማያየው አንድ ወሳኝ ሥራ አለ። ይህም በአፍ በኩል ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ቱቦ ማስገባት ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ሥራው በአጭር ጊዜ፣ ያለ ችግር ይጠናቀቃል። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን መንገዱ ጠብቦ፣ ተጣምሞ ወይም በምላስ ተሸፍኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ደቂቃ ለሕይወት ወሳኝ ይሆናል። የሰመመን ባለሙያው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወደ ታካሚው መጥቶ “አፍዎን በደንብ ይክፈቱ፤ አንገትዎን ቀና ያድርጉ” የሚለው እነዚህን ጥቂት ሰዎች አስቀድሞ ለመለየት ነው።

ይህ ጽሑፍ ምርመራው እንዴት እንደሚደረግና ምን ያህል እንደሚታመን ያብራራል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች የተለመዱት እንቅርትና የእንጥል መቆረጥ ከምርመራው ጋር ያላቸውን ግንኙነት፣ እንዲሁም የታካሚውንና የቤተሰቡን ድርሻ ያመለክታል።

ሰመመንና ትንፋሽ

ሰመመን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለትንሽ ቁስል ወይም ለጥርስ የሚሰጠው መርፌ አንዱን የአካል ክፍል ብቻ ያደነዝዛል። በቀዶ ሕክምና ለሚወልዱ እናቶች በብዛት የሚሰጠው በጀርባ በኩል የሚወጋው መርፌ ከወገብ በታች ያለውን አካል ያደነዝዛል፤ እናቲቱ ግን ነቅታ በራሷ ትተነፍሳለች። ሙሉ ሰመመን ከእነዚህ ይለያል። ታካሚው ራሱን አያውቅም፤ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ሲጨመርበት ደግሞ በራሱ መተንፈስ ያቆማል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚተነፍስለት ባለሙያው ነው።

በትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ የሚገባው ቱቦ ሁለት ጥቅም አለው። አየርና ኦክስጅን በቀጥታ ወደ ሳንባ እንዲደርስ ያደርጋል፤ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ ምግብና አሲድም ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይከላከላል።

በሳንባ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በጎተራ እንዳለ እህል ነው፤ ካልተጨመረበት ያልቃል። ጤነኛ ጎልማሳ ያለ ዝግጅት ትንፋሹ ቢቋረጥ በደሙ ያለው ኦክስጅን በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ መውረድ ይጀምራል። ባለሙያው መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት ለ3 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል የሚያስተነፍሰው ይህን ጎተራ ለመሙላት ነው። በዚህ ዝግጅት ጤነኛ ጎልማሳ እስከ 8 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎች ግን ኦክስጅናቸው ቶሎ ያልቃል። አንጎል ኦክስጅን ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠበት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ችግር ከገጠመ በኋላ መሣሪያ መፈለግና ረዳት መጥራት የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

በትንፋሽ ቧንቧ ቱቦ ማስገባት በሰመመን ሙያ የተስፋፋው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ፊታቸውና መንጋጋቸው የቆሰለ ወታደሮችን ለማከም በፊት ላይ የሚደፋ የሰመመን ጭምብል አመቺ አልነበረም። ስለዚህ አይቫን ማጊል የተባሉት ሐኪም ቱቦውን በስፋት ሥራ ላይ አዋሉት። ምላስን አንስቶ ማንቁርትን የሚያሳየውን ጥምዝ ላሪንጎስኮፕ ደግሞ ሮበርት ማኪንቶሽ እ.ኤ.አ. በ1943 አስተዋወቁ። ይህ መሣሪያ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ባሉ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ያገለግላል።

አስቸጋሪ የትንፋሽ መንገድ ሲባል

ባለሙያው በላሪንጎስኮፕ ምላስን አንስቶ ሲመለከት በመደበኛ ሁኔታ የድምፅ አውታሮችን ማየት አለበት፤ ቱቦው የሚያልፈው በእነሱ መካከል ነው። ኮርማክ እና ሌሄን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን እይታ በአራት ደረጃ ከፈሉት። በአንደኛው ደረጃ የድምፅ አውታሮች በሙሉ ይታያሉ፤ በሁለተኛው በከፊል ይታያሉ። በሦስተኛው የማንቁርት ክዳን ብቻ ይታያል፤ በአራተኛው እሱም አይታይም። ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ “አስቸጋሪ” ይባላሉ።

ከዚህ የተለየ ሌላ ችግርም አለ፤ ይህም በጭምብል አየር ለመስጠት መቸገር ነው። ቱቦው እስኪገባ ድረስ ታካሚውን የሚያቆየው በፊት ላይ የሚደፋው ጭምብል ነው። ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት ያለፈ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ በእንቅልፍ የሚያንኮራፉ፣ ወፍራም የሆኑና ጢማቸው የበዛ ሰዎች ላይ ጭምብሉ በደንብ ላይገጥም ይችላል። ረጅም ጢም ያላቸው ካህናትና አባቶች ለቀዶ ሕክምና ሲቀርቡ ባለሙያው ስለ ጢማቸው ቢያነሣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጢሙ የግድ መላጨት የለበትም፤ ቅባት በመቀባት ወይም በስስ ላስቲክ በመሸፈን አየሩ እንዳያመልጥ ማድረግ ይቻላል። ዋናው ነገር ጉዳዩ አስቀድሞ መታሰቡ ነው።

ከሁሉ የከፋው ሁለቱ ችግሮች አንድ ላይ ሲመጡ ነው፤ ቱቦውም አይገባም፣ በጭምብሉም አየር አያልፍም። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም የምርመራው ሁሉ ዓላማ እዚህ ላይ አለመድረስ ነው።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ምርመራው ደም መውሰድ አይጠይቅም፤ ሕመምም የለውም፤ በጥቂት ደቂቃዎች ያልቃል። አብዛኛው የሚከናወነው በዓይንና በጣት ነው።

አፍን መክፈት። ታካሚው አፉን እስከሚችለው ድረስ ሲከፍት በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶች መካከል ሦስት የራሱ ጣቶች ጎን ለጎን መግባት አለባቸው። ክፍተቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ላሪንጎስኮፑንና ቱቦውን ለማስገባት ቦታ ያንሳል። የመንጋጋ መጋጠሚያ ሕመም፣ የድድና የጥርስ መግል፣ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታና የፊት ቃጠሎ ጠባሳ አፍ እንዳይከፈት ያደርጋሉ።

ምላስን ማውጣት። ታካሚው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አፉን ይከፍትና ድምፅ ሳያሰማ ምላሱን ያወጣል። ባለሙያው ከምላሱ ጀርባ ምን እንደሚታይ ይመለከታል። ይህን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1985 ያስተዋወቁት በትውልድ ሕንዳዊ የሆኑትና በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ይሠሩ የነበሩት የሰመመን ሐኪም ሰሻጊሪ ማላምፓቲ ናቸው፤ ምርመራውም በስማቸው ይጠራል። መጀመሪያ ሦስት ደረጃ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ሳምሱን እና ያንግ የተባሉ ሐኪሞች አራተኛውን ጨመሩበት። እንጥልና ለስላሳው ላንቃ በግልጽ ከታዩ ምላሱ ከአፉ ስፋት ጋር ይመጣጠናል ማለት ነው። ጠንካራው ላንቃ ብቻ ከታየ ግን ምላሱ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከአገጭ እስከ ማንቁርት። ታካሚው አንገቱን ወደ ኋላ ቀና ሲያደርግ ከአገጩ ጫፍ እስከ ማንቁርቱ ጉብታ ያለው ርቀት ይለካል። ከ6 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ምላስን ወደ ፊት ገፍቶ መንገዱን ለማየት በቂ ቦታ ላይኖር ይችላል።

አንገትን ማንቀሳቀስ። ቱቦ ለማስገባት አንገት ጎንበስ፣ ራስ ቀና ማለት አለበት። በአንገት አከርካሪ ሕመም፣ በአደጋ ወይም በጠባሳ ምክንያት አንገቱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው የተለየ ዝግጅት ይደረግለታል። አጭርና ወፍራም አንገትም ይመዘገባል።

ከንፈርን መንከስ። ታካሚው በታችኛው ጥርሱ የላይኛውን ከንፈሩን እንዲነክስ ይጠየቃል። ይህን ምርመራ ኢራናውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2003 አስተዋውቀዋል። ከንፈሩን ጨርሶ መንካት የማይችል ሰው መንጋጋው ወደ ፊት እንደማይንቀሳቀስ ያሳያል።

ጥርሶች። የሚነቃነቅ ጥርስ በሥራው ጊዜ ወልቆ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚወልቅ ከሆነ ከሰመመን በፊት መውጣት አለበት።

እነዚህ ምርመራዎች ሲጠናቀቁ ውጤታቸው በታካሚው ካርድ ላይ ይጻፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ባደረገው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ውስጥ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት የሕክምና ቡድኑ ድምፁን አሰምቶ ከሚመልሳቸው ጥያቄዎች አንዱ “ታካሚው አስቸጋሪ የትንፋሽ መንገድ አለውን?” የሚል ነው። መልሱ “አዎ” ከሆነ መሣሪያውና ረዳቱ በቦታው መኖራቸው ይረጋገጣል።

እንቅርት

በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል ከአፈሩ አዮዲን በዝናብ በመታጠቡ እንቅርት ለብዙ ትውልድ የኖረ ችግር ነው፤ ጎጃምም ከዚህ ውጭ አይደለም። “በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” የሚለው አባባል በመከራ ላይ መከራ ሲደረብ የሚነገር ቢሆንም፣ ሕመሙ በኅብረተሰቡ ዘንድ ምን ያህል የተለመደ እንደነበረ ይመሰክራል።

እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ቱቦ ለማስገባት ያስቸግራል ማለት አይደለም። ትልቅ እንቅርት ይዘው ቱቦው ያለ ችግር የሚገባላቸው ብዙዎች ናቸው። የሚያሳስበው መጠኑ ብቻ ሳይሆን በትንፋሽ ቧንቧው ላይ ያደረሰው ጫና ነው። ለረጅም ዓመታት የቆየ እንቅርት ቧንቧውን ወደ ጎን ሊገፋው ወይም ሊያጠብበው ይችላል። አንዳንዱ ወደ ታች አድጎ ከደረት አጥንት ጀርባ ይገባል፤ ከውጭ ሲታይ ትንሽ የሚመስለው በውስጥ ትልቅ ሊሆን ይችላል። ወደ ካንሰር የተለወጠ ከሆነም ከቧንቧው ጋር ሊጣበቅ ይችላል።

ስለዚህ እንቅርት ያለበት ሰው የሚከተሉትን ምልክቶች ሳይጠየቅም ቢሆን ለባለሙያው መናገር ይገባዋል፦

በጀርባ ሲተኙ ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም ትራስ ከፍ ካላደረጉ መተኛት አለመቻል፤
ሲተነፍሱ ማፏጨት ወይም ሲር ሲር ማለት፤
የድምፅ መጎርነን ወይም መለወጥ፤
ለመዋጥ መቸገር፤
እንቅርቱ በቅርብ ጊዜ በፍጥነት ማደጉ፤
የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳት።

የመጨረሻዎቹ ሦስቱ እንቅርቱ ከሚገባው በላይ ሆርሞን እያመነጨ መሆኑን ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ እንዲህ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በመድኃኒት መስተካከል አለበት። የቀሩት ምልክቶች ሲኖሩ ባለሙያው የአንገትና የደረት ራጅ፣ ሲያስፈልግም ሲቲ ስካን ሊያዝዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ ቢራዘም ታካሚው ችላ እንደተባለ ሊቆጥረው አይገባም።

መከላከሉ ከሕክምናው ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። ጨዉ በቤት ውስጥ ተከድኖ፣ ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከእርጥበት ርቆ መቀመጥ አለበት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመሩም አዮዲኑ እንዳይተን ይረዳል።

የተቆረጠ እንጥል

በአማራ ክልል ገጠሮች የሕፃናትን እንጥል በልማድ መቁረጥ ለረጅም ዘመን የቆየ ድርጊት ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ የሕፃን እንጥል መቁረጥን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል በስም ጠቅሶታል። ድርጊቱ የደም መፍሰስንና መመረዝን እንደሚያስከትል በተደጋጋሚ ተነግሯል። ከሰመመን ጋር ያለው ግንኙነት ግን እምብዛም አይነሣም።

ከላይ እንደተገለጸው በማላምፓቲ ምርመራ ባለሙያው ከሚፈልጋቸው ምልክቶች ዋነኛው እንጥል ነው። እንጥሉ በልጅነቱ የተቆረጠበት ሰው አፉን ሲከፍት ያ ምልክት የለም። እንጥሉ የጠፋው ምላስ ስለሸፈነው ነው ወይስ ስለሌለ? ባለሙያው ይህን ካላወቀ መንገዱ ክፍት የሆነውን ሰው አስቸጋሪ ብሎ ሊመድበው ይችላል። በልጅነት የደረሰ ቁስል በጉሮሮ ውስጥ ጠባሳ ትቶ ከሆነም መታወቅ አለበት። “እንጥሌ ተቆርጧል” የምትለዋ አጭር ቃል ባለሙያው በእንጥሉ ፈንታ ለስላሳውን ላንቃና በሁለቱ የጉሮሮ ጎኖች ያሉትን ቅስቶች እንዲመለከት ታደርገዋለች። ብዙ ሰው ለሐኪም የማይናገረው ነገር አላስፈላጊ መስሎት ወይም አፍሮ ነው፤ ይህ ግን የሚያሳፍር አይደለም።

የቃጠሎ ጠባሳ፣ የጥርስ መግልና እርግዝና

በመሬት ላይ በሚነድ እሳት ምግብ በሚበስልባቸው ቤቶች ሕፃናትና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በእሳት የመቃጠል አደጋ ይደርስባቸዋል። ቃጠሎው አንገትና አገጭ ላይ ከሆነ ጠባሳው ሲሽር ቆዳውን ጨምድዶ አገጭን ከደረት ጋር ሊያያይዘው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው አንገቱን ቀና ማድረግ ስለማይችል የትንፋሽ መንገዱ በጣም አስቸጋሪ ከሚባሉት ውስጥ ይመደባል።

የጥርስ መግል ችላ ሲባል ከምላስ ሥር ወዳለው ክፍል ይሠራጫል። ያን ጊዜ አገጭ ሥር ያብጣል፤ ምላስ ወደ ላይ ይገፋል፤ አፍ መከፈት ያቅተዋል፤ ምራቅ መዋጥም ያስቸግራል። ይህ ሕይወትን የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው። ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ እብጠቱ እየጨመረ በሄደ ቁጥር ቱቦ ማስገባቱም እየከበደ ይሄዳል።

በእርግዝና ጊዜ የጉሮሮ ውስጠኛ ክፍል ያብጣል፤ ጡትም ያድጋል፤ በሳንባ ውስጥ የሚቀመጠው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በጨጓራ ያለው ምግብም በቀላሉ ይመለሳል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ግምገማ፣ በሙሉ ሰመመን ከሚወልዱ 390 እናቶች በአንዷ ላይ ቱቦ ማስገባት እንደማይሳካ አስልቷል። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ ለወላዶች የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በእርግዝና ወቅት እጅ፣ እግርና ፊት ካበጠ፣ ወይም የደም ግፊት ከጨመረ እብጠቱ ጉሮሮም ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ለባለሙያው መነገር አለበት።

ግምቱ ምን ያህል ይታመናል?

እዚህ ላይ እውነቱን በግልጽ መናገር ይገባል። ምርመራው ጠቃሚ ቢሆንም ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሰፊ ግምገማ 133 ጥናቶችንና ከ844 ሺህ በላይ ታካሚዎችን ተመልክቷል። ከምርመራዎቹ ሁሉ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ከንፈርን የመንከስ ምርመራ እንኳ ያወቀው ከአስቸጋሪዎቹ መካከል 67 በመቶውን ብቻ ነው። አፍን የመክፈት ምርመራ ለብቻው 22 በመቶውን ብቻ ለይቷል።

ዴንማርክ ውስጥ 188 ሺህ 64 ታካሚዎችን የተመለከተና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሰጡትን ግምት ከውጤቱ ጋር አነጻጽሯል። ካጋጠሙት 3 ሺህ 391 አስቸጋሪ ሁኔታዎች 3 ሺህ 154ቱ፣ ማለትም 93 በመቶው፣ ያልተጠበቁ ነበሩ። “ያስቸግራሉ” ተብለው ከተገመቱት 929 ሰዎች መካከል ያስቸገሩት 229 ብቻ ነበሩ።

እንዲህ ከሆነ መመርመሩ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምርመራዎቹ በአንድ ላይ ሲደረጉና ከታካሚው ታሪክ ጋር ሲገናኙ ከእያንዳንዳቸው የተሻለ ፍንጭ ይሰጣሉ። ሁለተኛ፣ ምርመራው ባለሙያውን ለመጥፎው ሁኔታ አስቀድሞ እንዲያስብ ያስገድደዋል። እንግሊዝን ጨምሮ በመላው ብሪታንያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ቆጠራ ከደረሱት ከባድ ጉዳቶች በስተጀርባ በተደጋጋሚ ያገኘው ደካማ ምርመራንና ሁለተኛ ዕቅድ አለመያዝን ነበር። “ሳይቃጠል በቅጠል” እንዲሉ፣ የምርመራው ፍሬ ዝግጅቱ ነው።

አስቸጋሪ መሆኑ ከታወቀ ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ የሚታሰበው ሙሉ ሰመመኑን ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ነው። ለእግር፣ ለታችኛው ሆድና ለወሊድ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ ሊበቃ ይችላል። ይህ ካልተቻለ ባለሙያው ረዳት ባለሙያ ይጠራል፤ የተለያየ መጠን ያላቸውን ቱቦዎችና መምሪያ ዘንግ ያዘጋጃል፤ ካሜራ ያለው ላሪንጎስኮፕ ካለ ያቀርባል። አርቺ ብሬይን የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም የፈለሰፉትና እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው በማንቁርት አፍ ላይ የሚቀመጠው ጭምብል፣ ቱቦው እምቢ ሲል ብዙዎችን ያተርፋል። የመጨረሻው አማራጭ በአንገት ፊት በኩል ቀዳዳ ከፍቶ አየር ማስገባት ነው።

እጅግ አስቸጋሪ እንደሚሆን በሚገመተው ታካሚ ላይ ቱቦው ታካሚው ሳይተኛ ሊገባ ይችላል። ጉሮሮው ይደነዝዛል፤ ታካሚው በራሱ እየተነፈሰ ሳለ ቱቦው ካሜራ ባለው ቀጭን ተጣጣፊ መሣሪያ ላይ ሆኖ ይገባል። ይህ መሣሪያና ልምድ በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። የአገራችን የጤና ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3 ነጥብ 5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተደራጀ ነው። ስለዚህ ከቡሬ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ወደ ፍኖተ ሰላም ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች መላክ የሥርዓቱ አንድ አካል ነው። አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ታካሚ “ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ” ሲባል የመንገዱ ወጪ ቢከብድም፣ ውሳኔው ብዙ ጊዜ ሕይወቱን ለመጠበቅ የተወሰነ ነው።

የታካሚውና የቤተሰቡ ድርሻ

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይባላል። በአፍና በአንገት ላይ ከሚደረጉት ልኬቶች ሁሉ ይልቅ ባለሙያዎች የሚተማመኑበት አንድ መረጃ አለ፤ እሱም ታካሚው ከዚህ በፊት ሰመመን ተሰጥቶት አስቸግሮ እንደነበር ማወቅ ነው። ይህን መረጃ ሊሰጥ የሚችለው ብዙ ጊዜ ታካሚው ብቻ ነው። በአንድ ሆስፒታል የተጻፈው ካርድ በዚያው ሆስፒታል ይቀራል፤ ሰውየው ግን ከዓመታት በኋላ በሌላ ከተማ ሊታከም ይችላል።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሆስፒታሉን ከመልቀቁ በፊት “ሰመመኑ ሲሰጠኝ ያስቸገረ ነገር ነበር ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መልሱ “አዎ” ከሆነ ችግሩ ምን እንደነበረ፣ በምን መሣሪያ እንደተፈታና ቀኑን የያዘ ማስረጃ በጽሑፍ ይጠይቅ። ወረቀቱን ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያው ጋር ያስቀምጠው፤ በስልክም ፎቶ ያንሣው። ለአንድ የቤተሰብ አባል መንገርም ያስፈልጋል፤ በድንገተኛ አደጋ ራሱን ስቶ ቢመጣ የሚናገርለት ያ ሰው ነውና።

ከሰመመን በፊት ለባለሙያው ሊነገሩ የሚገባቸው ሌሎች ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው፦

ቀደም ሲል የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ በቤተሰብ ውስጥ በሰመመን ጊዜ የደረሰ ችግር፤
እንቅርት፣ የአንገት ወይም የጉሮሮ እብጠት፣ የቃጠሎ ጠባሳ፤
የእንጥል መቆረጥ፤
በእንቅልፍ ከፍ አድርጎ ማንኮራፋት፣ ትንፋሽ እየተቋረጠ መባነን፤
የሚነቃነቅ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ፤
አስም፣ የቆየ ሳል፣ የልብ ሕመምና የደም ግፊት፤
የሚወሰድ መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር፣ ያልተስማማ መድኃኒት ካለም እሱ፤
መጨረሻ የተበላበትና የተጠጣበት ሰዓት።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። በመደበኛ ቀጠሮ ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ አለመብላት፣ ለ2 ሰዓት ውኃ አለመጠጣት የተለመደ መመሪያ ነው፤ ለሚጠቡ ሕፃናት የእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ቅባት የበዛበት ምግብ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። አጥሚት፣ ወተትና ጠላ እንደ ውኃ አይቆጠሩም። ሩቅ መንገድ ተጉዞ የመጣን ሕመምተኛ “አቅም እንዲያገኝ” ብሎ በድብቅ ማጉረስ ከፍቅር የሚመነጭ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ነው። በተለይ የትንፋሽ መንገዱ አስቸጋሪ በሆነ ሰው ላይ ቱቦው እስኪገባ በሚባክነው ጊዜ ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ታካሚው በስሕተት የበላ ከሆነ መደበቅ አይገባም፤ አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮው ይራዘማል፤ አስቸኳይ ከሆነም ባለሙያው በተለየ ጥንቃቄ ይሠራል።

በኢትዮጵያ አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት በጎንደርና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በሙያው የሠለጠኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው። ታካሚው ከቀዶ ሐኪሙ በተጨማሪ እነሱንም የማነጋገር መብት አለው። ምን ዓይነት ሰመመን እንደሚሰጠው፣ የትንፋሽ መንገዱ ተመርምሮ እንደሆነና ቢያስቸግር ምን እንደታሰበ መጠየቅ ይችላል። የስምምነት ፊርማውን መፈረም ያለበትም ይህን ከተረዳ በኋላ ነው።